ብቻውን የሚኖር ተማሪ በአደራ ተሰጠኝ፤ ከየት ልጀምር?

ሲስተር_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ነርስ ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የማኅበራችን ሰዎች ለአዲስ መጪ ተማሪዎች አንድ አንድ ትልቅ ሰው እንመድብ ሲሉ እኔም እጄን አወጣሁ። የደረሰኝ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ዲቪ ራሱ ሞልቶ፣ ራሱ ደርሶት የመጣ። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ደብረ ብርሃን ነው፤ እናቱና ታናሽ እህቱ አሁንም እዚያ ናቸው። አባቱ ገና ልጅ እያለ ነው ያረፉት። እዚህ ስፖንሰር የሆነው የሩቅ ዘመድ ጥቂት ወር አስጠጋው፣ ከዚያ ቤቱ ጠበበ። አሁን ከሁለት ወንዶች ጋር ቤዝመንት ተከራይቷል። ማታ ማታ ዲሲ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይማራል። ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የመረጠው።

ጨዋ ልጅ ነው። የቸገረኝም ጨዋነቱ ነው። ምን ብጠይቀው «ደህና ነኝ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ትምህርትስ? ጥሩ ነው። ሥራስ? ጥሩ ነው። ምግብስ? ኧረ ሞልቷል። ባለፈው እሑድ ቡና ጠርቼው፣ ሁለተኛውን ሳልቀዳ ሲኒውን እንደያዘ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው።

እናቱ አይደለሁም፣ አስተማሪውም አይደለሁም። ልቆጣው አልፈልግም። ምግብ ቋጥሮ መላክ ብቻም አይመስለኝም። እንዲህ ዓይነት ልጅ የያዛችሁ፣ ወይ ራሳችሁ እንዲህ የኖራችሁ፣ ከየት ነው የሚጀመረው?

---

ፓርኪንግ_የነበረ

ሲስተር፣ የእኔን ኑሮ ነው የጻፍሽው። ቦታው ሳይቀር።

መጀመሪያ «እንዴት ነህ» የሚለውን ተዪው። እኛ ጋ የእሱ መልስ አንድ ነው፣ ሰው እየሞተም «ደህና» ነው የሚለው። «ትናንት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ተኛህ?» በይው። «ዛሬ ምን በላህ?» «የሒሳብ ፈተናው መቼ ነው?» ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» መልስ አይሆንም፤ ቁጥር መናገር አለበት።

ሁለተኛ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪው። ሳምንቱን ራሱ ይሥራው። አንቺ አትሥሪለት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ቢያንስ 12 ክሬዲት ይዟል ማለት ነው። ኮሌጆቹ ለአንድ ሰዓት ክላስ ሁለት ሰዓት ጥናት ያስፈልጋል ይላሉ። ይኼ ብቻውን 36 ሰዓት ሆነ። ሥራው 40 ከሆነ 76። አውቶቡስና ሜትሮ ጨምሪበት። ልብስ ማጠቢያ፣ ግሮሰሪ፣ ቅዳሴ ጨምሪበት። ሲደምረው እንቅልፉ የት እንደሄደ ራሱ ያየዋል። እኔ ሰው ቢነግረኝ «አይ፣ እችለዋለሁ» ነበር የምለው። ወረቀቱ ላይ ሳየው ነው የደነገጥኩት።

ስለ እንቅልፍ አትምከሪው። ይደምረው።

---

የድሮ_ሰው

እኔ የምለው፣ አሁን የሃያ ዓመት ሰው «ልጅ» ሆነ? እኛ ከሱዳን ካምፕ ስንመጣ ማን ያዘን? ቀን ሆቴል ሳህን አጠብን፣ ማታ ታክሲ ነዳን፣ ተማርንም። ሜንተር የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁ ይሠራል፣ ይማራል፣ የራሱን ኪራይ ይከፍላል። ምኑ ነው ችግሩ? ሶፋ ላይ መተኛት በሽታ ሆነ?

ተዉት ይጠንክር። አሁንስ የምናቀማጥላቸው እኛው ነን።

---

ቢሮ_አለሁ

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ አንድ ነገር ረስተዋል። እርስዎ በስደተኛ ፕሮግራም ሲመጡ ኤርፖርት የተቀበለዎት ድርጅት ነበር። ኬዝ ወርከር ነበር። የመጀመሪያ ቤት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ተፈልጎልዎታል። የዲቪ ልጅ ምንም የለውም። ቪዛውን ይሰጡታል፣ አውሮፕላኑን ራሱ ይከፍላል፣ ከዚያ ያለው ስፖንሰሩ ብቻ ነው። ስፖንሰሩ ሲደክመው ደግሞ ይኸው ቤዝመንት።

ሲስተር፣ እኔ ኮሌጅ ውስጥ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ነው የምሠራው (የት እንደሆነ ይቅር)። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ልጁ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ፎርም) ሞልቷል?

---

ሲስተር_ሲልቨር_ስፕሪንግ

@ፓርኪንግ_የነበረ ወንድሜ፣ ተባረክ። ወረቀቱን አደረግነው። ለእንቅልፍ የቀረችውን ቁጥር ሲያይ ሳቀና «ልክ አይደለም፣ እንደገና ልደምር» አለ። ሁለተኛም ያው ሆነ።

@ቢሮ_አለሁ ጠየቅሁት። ጀምሮት ነበር። «የእናትህን መረጃ አምጣ ሲለኝ ተውኩት» አለኝ። «እኔ ራሴን ችዬ ነው የምኖረው፣ እማዬ እዚህ የለችም፣ ታክስ አትከፍልም፤ ስለዚህ አይመለከተኝም» ብሎ ዘግቶታል። ከኪሱ ነው የሚከፍለው።

ሌላም ነገር አለ። የኮሌጁን ኢሜይል ክፈትልኝ እስቲ አልኩት። የራሱን ጂሜይል እንጂ ያንን ከተመዘገበ ጀምሮ በቅጡ አይቶት አያውቅም። ያልተነበበው ብዛቱ! ከመካከሉ «የነዋሪነት ማስረጃ አላቀረብክም» የሚል ደብዳቤ አለ። ደግሞ ደጋግሞ የተላከ። የክፍያ ወረቀቱን ስናየው ከስቴት ውጭ በመጣ ተማሪ ሒሳብ ነው ሲከፍል የኖረው። ሜሪላንድ እየኖረ!

ፊቱ ተለዋወጠ። እኔም ምን እንደምለው ጠፋኝ። ሻይ አፈላሁ።

---

ቢሮ_አለሁ

በቃ፣ ሥራሽ ከዚያ ኢሜይል ይጀምራል። አንድ በአንድ ልንገርሽ፤ ሌላም ሰው ይጠቀምበታል።

ነዋሪነቱ ቀላል ነው። ሜሪላንድ ያሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሦስት ዓይነት ዋጋ አላቸው፦ ለካውንቲው (ለወረዳው) ሰው፣ ለሌላ ካውንቲ ሰው፣ ከስቴት ውጭ ለሚመጣ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው ቤዝመንቱ ሊዝ (የኪራይ ውል) ስለሌለው ነው። ሊዝ ብቻ ግን አይደለም ማስረጃው። የስቴት መታወቂያ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የሜሪላንድ ታክስ የሞላበት፣ አድራሻው ያለበት ነገር ይዞ ይሂድ። ያለፈውን ማስመለስ ይከብዳል፣ የሚመጣው ግን ይስተካከላል። ለቨርጂኒያ ሰዎች፦ እናንተ ጋ አንድ ዓመት መኖር ይጠየቃል፣ ጥብቅ ነው።

ፋፍሳው ላይ ደግሞ የልጁ ስሕተት የሺዎች ስሕተት ነው። ራስን ችሎ መኖር አንድ ነገር ነው፣ በፋፍሳ ሕግ «ራሱን የቻለ» መባል ሌላ ነገር ነው። የኪራይ ደረሰኝ ቢያመጣ፣ እናቱ አምስት ሳንቲም ባትልክለት፣ አይቆጠርለትም። ዕድሜው 24 ካልሞላ፣ ካላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ ከሌለው፣ ወታደር ካልነበረ፣ ሁለቱም ወላጆቹ ካልሞቱ፣ ከ13 ዓመቱ በኋላ በፍርድ ቤት ወይም በመንግሥት አሳዳጊ እጅ ካልገባ፣ በሕጉ ዓይን ጥገኛ ነው። አባት ሞተው እናት ካሉ እናትየው ይሞላሉ።

እናትየው ደብረ ብርሃን መሆናቸው አያግድም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅ ቁጥር የለኝም የሚለውን መርጦ አካውንት መክፈት ይችላል፤ ከ2024-25 ፎርም ጀምሮ ነው የተፈቀደው። የራሳቸው ኢሜይል ያስፈልጋል፤ የልጁን ኢሜይል መጠቀም አይቻልም። የአሜሪካ ታክስ ስለማይሞሉ ገቢያቸውን በብር አስበው፣ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር ቀይረው ያስገባሉ። ደሞዛቸው በዶላር ስንት እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ። የፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥቱ የትምህርት ድጋፍ ገንዘብ) ጣሪያ ለ2025-26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይኼ ብዙ ገንዘብ ነው።

አልረፈደም። የዘንድሮው ፎርም እስከ ጁን 30 ክፍት ነው፤ ብቁ ከሆነ በዚሁ ዓመት ለጀመረው ሴሚስተርም ፔል ይከፈለዋል።

ልብ በሉ፦ ወላጅ እያላቸው ሊያገኟቸው የማይችሉ ልጆች አሉ። ጥገኝነት ተፈቅዶላቸው ወላጃቸው ያለበት የማይታወቅ፣ ከቤት የተባረሩ፣ ቤት ውስጥ በደል የደረሰባቸው። ለእነሱ ፎርሙ ላይ «ልዩ ሁኔታ አለኝ» የሚል ጥያቄ አለ። አዎ ብለው ይለፉ፣ ከዚያ ኮሌጁ ማስረጃ አይቶ ይወስናል። «ቤተሰቦቼ መክፈል አይፈልጉም» ወይም «ራሴን እችላለሁ» ግን ለዚህ አይበቃም።

---

ቀበና

እናትየው ያ ሁሉ ጣጣ ምን አስፈለጋቸው? ልጁ ይክፈትላቸውና ይፈርምላቸው። እኛ እንደዛ ነው ያደረግነው፣ ማን ያውቃል።

---

ቢሮ_አለሁ

@ቀበና አታድርጉት። በሰው ስም መፈርም ነው። ፎርሙ ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት ነው የሚገባው። ልጁ ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ ነገ ዜግነት ይጠይቃል። ለአንድ ሰዓት ጣጣ ብሎ ስሙ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። ከእናቱ ጋር ቪዲዮ ከፍተው፣ እሳቸው እየነኩ፣ እሱ እየመራቸው ይጨርሱት።

ሲስተር፣ አንድ ነገር ላክልልሽ፦ ኮሌጁ ብትደውዪ ስለ እሱ አንዲት ቃል አይነግሩሽም። ፌርፓ የሚባል የ1974 ሕግ አለ። 18 ከሞላው ወላጅም ቢሆን ያለ ፈቃዱ አይነገረውም። ስለዚህ አንቺ ከጎኑ ቁጭ በይ፣ እሱ ይደውል። ስፒከር ላይ አድርጎ። ሲጨንቀው ወረቀት ላይ ጻፊለት። ስልኩን ግን አትቀበዪው።

---

ፓርኪንግ_የነበረ

«ስልኩን አትቀበዪው» የሚለው እውነት ነው። እኔን የረዳኝ ሰውዬ አንድ ጊዜ ባንክ ሲወስደኝ በር ላይ ቆመ። «ግባ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለኝ። ያኔ ጠልቼው ነበር።

ሲስተር፣ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ጠይቀሽዋል? ኪራይ፣ ትምህርት፣ ለእናት። ሌላስ? ፓርኪንግ ቤት ዕቁብ የሌለበት ጋራዥ አይቼ አላውቅም።

---

ሲስተር_ሲልቨር_ስፕሪንግ

እንዴት አወቅህ! አለበት። በሳምንት 250 ዶላር። ዕጣው ገና አልወጣለትም። አንድ ሺፍት ከተወ ዕቁቡ ይጎድልበታል፣ ስለዚህ የሰው ሺፍት ሳይቀር ይሸፍናል። ለእናቱም በየወሩ ይልካል፤ የእህቱን ትምህርት ቤት የሚከፍለው እሱ ነው። ልቡን እወድለታለሁ። ግን ምን ልበለው? «ለእናትህ አትላክ» ልበለው?

---

የድሮ_ሰው

ዕቁብ ጥሩ ነገር ነው። እኔ የመጀመሪያ ታክሲዬን የገዛሁት በዕቁብ ነው። ባንክ ባያምነኝ ሰው አመነኝ።

---

ፓርኪንግ_የነበረ

ጋሼ፣ ዕቁቡን የሚነቅፍ የለም። ዕቁቡ ግን የሙሉ ሠራተኛ ዕቁብ ነው። 250 በሳምንት የሚጥለው ሰውዬ ክላስ የለውም፣ ፈተና የለውም። ልጁ የጓደኞቹ ልክ ሆኖ ገብቶ ነው። አቋርጦ መውጣት ነውር ስለሆነ ደግሞ ትምህርቱን ያጎድላል እንጂ ዕቁቡን አያጎድልም። አውቀዋለሁ፣ እኔም ክላስ ነበር የማጎድለው።

ሰብሳቢውን ያናግር። በብዙ ዕቁብ ዕጣ መለዋወጥ አለ፤ ቀድሞ እንዲወጣለት ወይም ግማሽ ዕጣ እንዲይዝ መጠየቅ ይችላል። ዙሩ ሲያልቅ አነስ ያለ ይግባ። ትልቅ ሰው አብሮት ቢሄድ ሰብሳቢው ይሰማል፤ ይኼን አንቺ ብታደርጊው አያስነውርም።

የእናቱን ነገር በተመለከተ፦ አትላክ ማለት አይቻልም። ቁርጥ ያለ ይሁን ግን። አብዛኛው ልጅ የሚልከውን የሚወስነው ስልኩ ሲደወል ነው። ድምፃቸውን ሲሰማ ያለውን ሁሉ ይልካል። በወር ይኼን ያህል ብሎ፣ ለእናቱም ነግሮ፣ ሴሚስተር ሲጀመር የሚቀንስ ከሆነም ቀድሞ ነግሮ። እናቶች ይገባቸዋል። ያልነገርናቸው እኛ ነን።

---

ማይን_ወንዝ

ከፍራንክፈርት ነው የምጽፈው። እዚህ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ብቻውን ለመጣ ሕፃን ፍርድ ቤት ሞግዚት ይሾምለታል፣ ፎርሙንድ ይሉታል። በጎ ፈቃደኛም መሆን ይቻላል። እኔ ለአንድ የጎንደር ልጅ ሆኜ ነበር። እስከ 18 ዓመቱ የምፈርመው እኔ ነኝ፦ ትምህርት ቤቱን፣ ሐኪሙን፣ የጥገኝነት ጉዳዩን። 18 በሞላ ማግስት ግን ሥልጣኔ አለቀ። ሕጉ ከወጣቶች ቢሮ የሚሰጠው እርዳታ እስከ 21 እንዲቀጥል ይፈቅዳል፣ ግን ልጁ ራሱ ጠይቆ ነው። ብዙዎቹ አይጠይቁም፤ «አሁን ትልቅ ሰው ነኝ» ብለው ይወጣሉ።

ከዚያ የተማርኩት፦ ወረቀት ማስያዣ ክላሰር ገዝቼለት ነበር። ጀርመን ያለ ክላሰር አይኖርም። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የማስገባው፣ በኋላ እሱ። ከ18 ዓመቱ በኋላ ሲደውልልኝ «ጋሼ፣ ይኼ ደብዳቤ ከየትኛው ጋር ነው የሚገባው?» ብሎ ነው። ያን ጊዜ ደስ አለኝ።

---

የሐረሯ

እኔ በሌላ በኩል ልናገር፤ ተረጂ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሚኒሶታ ነው የተማርኩት። አሁን ፋርማሲ ነው የምሠራው።

የያዘችኝ ሴት ሀብታም አልነበረችም። የሕፃናት ማቆያ ነበር የምትሠራው። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ሲለበሶቹን (የየክላሱን የትምህርት ዕቅድ ወረቀት) ሁሉ ይዤ እንድመጣ ታደርገኝ ነበር። አራቱንም ወለል ላይ ዘርግተን የፈተናዎቹን ቀን አንድ ትልቅ ካላንደር ላይ በቀይ እንጽፋለን። ካላንደሩን ለአለቃዬ አሳየሁት፦ «በእነዚህ ቀናት ዋዜማ ማታ አልገባም»። ፈተናው ሲደርስ ከምለምን ሁለት ወር ቀድሜ ስለተናገርኩ እሺ ይሉኛል። ልጁ ይኼን ያድርግ ሲስተር። አለቃው ሐበሻ ከሆነ ደግሞ የበለጠ።

ሌላ ያደረገችልኝ ነገር፣ ቢሮ ሰዓት የሚባለውን አስለመደችኝ። አስተማሪው ቢሮው ቁጭ ብሎ ተማሪ የሚጠብቅበት ሰዓት አለ። እኔ የሚመስለኝ የሚጠራው ያጠፋ ተማሪ ነው። አገር ቤት ስታፍ ሩም የምንጠራው ለምን ነበር? ለቅጣት! መጀመሪያ ቀን በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ልጁም እንደዚያ ሊሆን ስለሚችል ጠይቂው። የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ ጽፎ ይዞ ይግባ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ነገር ልበል። ብቻዋን የምትኖር ሴት ተማሪ ላይ ወንድ ሜንተር ባይመደብ ይሻላል፣ የፈለገውን ያህል መልካም ሰው ቢሆን። ለእሷም ለእሱም። ሐሜቱን እናውቀዋለን። ደግሞ ክፍሉን ሄዳችሁ እዩት። በር ይቆለፋል? ከውስጥ? ቁልፍ ያለው ማን ነው? እኔ የነበርኩበት ቤት አከራዩ ቁልፍ ይዞ እንደፈለገ ይገባ ነበር። የያዘችኝ ሴት መጥታ እስክታይ ድረስ እንደዚያ መሆን ያለበት ይመስለኝ ነበር። በሳምንቱ አስወጣችኝ።

---

አዲስ_ገብ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣ ያለ ከሆነ። የአክስቴ ልጅ በተማሪ ቪዛ ነው ያለው፣ ኤፍ ዋን። ሜንተሩ ሬስቶራንት ውስጥ በካሽ ሥራ አገኝልሃለሁ ብሎታል። ይኼስ?

---

ቢሮ_አለሁ

እንዳይገባ። በኤፍ ዋን ግቢ ውስጥ ብቻ፣ ትምህርት ላይ እያለ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚፈቀደው። ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ ከሠራ የተማሪነት ሕጋዊነቱን ያጣል። የማስተካከያው መንገድ ጠባብ ነው። በሙሉ ጊዜ መማርም ግዴታው ነው፣ ከአድቫይዘሩ (ከኮሌጁ አማካሪ) ሳይነጋገር ክላስ መጣል የለበትም። ፋፍሳም አይሞላም። ለእሱ መጀመሪያ የሚጠየቀው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ነው። ሜንተሩ ቅን ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን ቅንነቱ ልጁን ሊያስወጣው ይችላል።

ጥገኝነት ጠይቆ ገና መልስ ያላገኘ ልጅም የፌዴራል ገንዘብ አያገኝም። ከተፈቀደለት በኋላ ያገኛል። ሜንተር የሆናችሁ ሁሉ፣ ስለ ገንዘብ ከማውራታችሁ በፊት ልጁ በምን ወረቀት ነው ያለው የሚለውን እወቁ። ጠበቃ ሳትሆኑ ግን የኢሚግሬሽን ፎርም አትሙሉለት።

---

የድሮ_ሰው

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ እንዳታስመስሉኝ። ስለ ሥራው ልናገር፤ እሱን ከእናንተ በላይ አውቃለሁ።

ዲሲ የፓርኪንግ ሥራ እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብለህ መጽሐፍ ትገልጥ ነበር። ሐበሻው ሁሉ ዲግሪውን የያዘው ቡዝ ውስጥ ነው። አሁን ማሽን ገብቶ ቡዙ ጠፍቷል፤ የቀረው ቫሌ (የሰው መኪና ተቀብሎ ማቆም) ነው፣ ስትሮጥ ታድራለህ። ስለዚህ ልጁ የሌሊት ሺፍት ይዞ እማራለሁ ካለ ዕድሜውን እየበላ ነው። ሆቴል የሌሊት ዴስክ ይፈልግ። ወይ የሕንፃ ሎቢ ጠባቂነት። ደሞዙ ትንሽ ቢያንስም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ሰው አይመጣም። ላፕቶፑን ይዞ ይግባ።

ቤተዝዳ አንድ የማውቀው ሕንፃ አለ። ሲስተር፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

---

ሲስተር_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጽፌልዎታለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ነው፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ነዋሪነቱ ተስተካክሏል። የባንክ ወረቀትና መታወቂያ ይዞ ሄዶ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ አየችና «ለምን እስከ ዛሬ?» አለችው። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ በካውንቲው ዋጋ ነው የሚከፍለው። የዘንድሮው ላይ ማመልከቻ አስገብቷል። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

የፋፍሳው ቀን ግን ቴአትር ነበር። እዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እዚያ ከሰዓት ዘጠኝ። እናትየው ነጠላቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ነው የቀረቡት፤ ለመንግሥት ጉዳይ ነው ብሏቸዋል። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዛላቸው ኢሜይል ተከፈተ። ኮዱ እስኪመጣ ኔትወርክ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ገቢ የሚለው ጋ ሲደርሱ እናትየው «የዶሮዋን እንቁላልም ልጨምር?» አሉ። ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ከዚያ እናትየው ስልኩን ጠጋ አድርገው «ልጄ፣ ከስተሃል። ትተኛለህ?» አሉት። እሱም «ደህና ነኝ እማዬ» ሊል ጀመረና ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ለእህቱ የሚልከውን ግን በየወሩ ቁርጥ አድርገዋል፤ እናትየው ራሳቸው ናቸው ቁጥሩን ያሳነሱት።

አንድ ነገር ደግሞ በሙያዬ ልጨምር። ኢንሹራንስ አልነበረውም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ባለ ግሪን ካርድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ፣ እንደ ትልቅ ሰው አምስት ዓመት ሳይጠብቅ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የሕክምና ኢንሹራንስ) ማግኘት ይችላል። ልጁ ሃያ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፤ ወዲያው አመለከተ። ብዙ ቤተሰብ «አምስት ዓመት ጠብቁ» የሚለውን ለሁሉ የሚሠራ መስሎት ልጆቹን ሳያስመዘግብ ይቀራል።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ካልኩለስ። የመጀመሪያውን ፈተና 48 አምጥቷል። ሁለተኛው ይብሳል ብሎ ይፈራል። 13 ክሬዲት ነው የያዘው፣ ካልኩለሱ 4 ነው። ልጣለው ይላል። ይጣለው?

---

የሐረሯ

ቢሮ ሰዓት ሄዷል?

---

ሲስተር_ሲልቨር_ስፕሪንግ

አንድ ጊዜ። በር ላይ ደርሶ አልተመለሰም፣ ገብቷል 🙂 አስተማሪው ጉድለትህ ካልኩለሱ ላይ ሳይሆን አልጀብራው ላይ ነው ብሎታል።

---

ቢሮ_አለሁ

እንግዲህ ሒሳቡ ይኼ ነው። የዊዝድሮው ቀን (ክላስ ጥሎ መውጫው የመጨረሻ ቀን) ከማለፉ በፊት ከጣለው ደብልዩ ይወጣለታል፣ ነጥቡን አይነካም። ከዚያ በኋላ ኤፍ ካመጣ ነጥቡን ይጎትታል። ግን ደብልዩም ነፃ አይደለም። ገንዘብ ለማግኘት በብዙ ኮሌጆች ከተመዘገበው ክሬዲት 67 በመቶውን ማጠናቀቅ አለበት፣ አማካይ ነጥቡም ከ2.0 መውረድ የለበትም። ከ13ቱ 9 ቢያልፍ 69 በመቶ ነው፤ ለአንድ ጊዜ ይበቃዋል። ሁለተኛ ጊዜ ግን ቦታ የለውም። 9 ክሬዲት ሲሆን ደግሞ ሙሉ ጊዜ ተማሪ አይደለም፤ ፔሉ ገና ስላልተከፈለ መጠኑ ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ አንቺም እኔም አንወስን። አድቫይዘሩ ጋ ቀጠሮ ይያዝ። ሦስት ነገር ጽፎ ይዞ ይግባ፦ የመጨረሻው የዊዝድሮው ቀን መቼ ነው? ብጥለው ዘንድሮ የማገኘው ገንዘብ ምን ይሆናል? በሚቀጥለው ሴሚስተር ከካልኩለስ በፊት ልወስደው የሚገባ ክላስ አለ? ሦስተኛውን እንዳይረሳ። ብዙ ልጅ ይጥልና ያንኑ ክላስ ተመልሶ ይገባበታል።

---

ፓርኪንግ_የነበረ

የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከሉንም ይጠይቅ። በነፃ ነው። እኔ አልጀብራን ያለፍኩት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው፣ ያስተማረኝ ደግሞ የቬትናም ልጅ ነበር።

---

ሲስተር_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሐሙስ በአራት ሰዓት ቀጠሮ ይዟል። ጥያቄዎቹን በራሱ እጅ ጽፏል፤ አራተኛ ጨምሮበታል፦ «ሜጀሬን ብቀይርስ?» ይላል። ይኼን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም።

@የድሮ_ሰው ጋሼ፣ የሎቢው ሰውዬ ደውሎለታል። ቅዳሜ ሄዶ ያየዋል።

---

የድሮ_ሰው

ሸሚዝ ይልበስ። ጂንስ እንዳያደርግ።